አርባ አንድ ደቂቃ

ቀበና፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዘቢደር
ጎሬ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። አሁን ከአልጋ የምትነሺው በሰው ድጋፍ መሆኑን ደብዳቤሽን ያመጣው ሰው ነግሮኛል። የእጅ ጽሕፈትሽም ይህንኑ ይናገራል። መስመር መጠበቅ ግን ጤነኛ ሳለሽም አይሆንልሽም ነበር።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል፤ ዓይኔ እስከ ዛሬ ያለ መነጽር ያነባል።

የዕድሩ ድምፅ ትናንት ተሰጠ። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው የምጽፍልሽ። አልተመለስሽም። "ትመለስ" ያሉ አንድ መቶ ሰማንያ ስምንት፣ "አትመለስ" ያሉ ሁለት መቶ ሰባት ናቸው። እናታችን ስትቀበር ባለመገኘትሽ ከዕድሩ ከተሰረዝሽ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆነ። አገሬ ገብቼ ልሙት፣ ከእናቴ አጠገብ በወግ ልቀበር፣ ሰው እንደሆነ ይረሳል ብለሽ ነበር። ሁለት መቶ ሰባቱ አልረሱም።

ነገሩ እንዴት እንደነበር በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

አምና በወረቀት ድምፅ ሰጥተን ቆጠራው በጭቅጭቅ ተበላሽቶ ስለነበር፣ ዘንድሮ ኦልያድ የሚባል የኮተቤ የኮምፒውተር መሐንዲስ አንድ የድምፅ መስጫ ማሽን በውሰት አመጣ። ቁመቱ የአትሮንስ ያህል ነው፤ ፊቱ መስታወት ሆኖ በጣት ይነካል። አዳራሹ ውስጥ በመጋረጃ ከልለው አቆሙት። ኦልያድ "ለአንድ ሰው ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥ" ብሎ ነበር። ማሽኑ ግን አንድ ነው፤ ሰዉ ከአራት መቶ በላይ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ስደርስ ሰልፉ ድልድዩን አልፎ ጠበቀኝ።

ከእኔ ኋላ የእንጦጦ ሰዎች መጡ፤ አስቀድሰው በእግራቸው ወርደው። ክሊኒክ ስትሠሪ ቁስላቸውን ያጠብሽላቸው ናቸው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ያንቺን ስም ስሰማ ዋልኩ። ወይዘሮ ኢፍቱ ቁርጭምጭሚቷን ገልጣ ለሰዉ ሁሉ ታሳያለች። "ዘቢደር ባትኖር ይሄ እግር ተቆርጦ ነበር! ትምጣልን፤ እኛ እንቅበራት!"

አቶ ጉተማ ደግሞ በከዘራቸው ተደግፈው፣ "እትዬ ለተ፣ ከእርስዎ ኋላ ስቆም ትምህርት ቤት ያረፈድኩ እየመሰለኝ ተቸገርኩ" አሉ። ሰዉ ሳቀ። "ቀጥ ብለው ይቁሙ" አልኳቸው። ቆሙ።

ተራዬ ሲደርስ ዐሥር ሰዓት ከሩብ ነበር። መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። መመሪያው ሁለት ገጽ ነው፤ አነበብኩት። ከዚያ ፎቶሽ መጣ።

የላክሽው የሠርግሽን ፎቶ ነው። ሌላ አልነበረሽ ይሆናል። ኦልያድ ሙሽራውን ቆርጦ አውጥቶታል፤ እጁ ግን ትከሻሽ ላይ ቀርቷል። እጁ ላይ ሰዓት አለች። ወንደሰን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከእኔ ጋር ቀለበት ባሰረ በሁለተኛው ወር በመጀመሪያ ደመወዜ የገዛሁለት ሰዓት ናት። በሠርግሽ ዕለት አስሯት እንደነበር አላውቅም ነበር። እንደምታስታውሺው በሠርጉ አልተገኘሁም።

ማሽኑ አንድ ጠባይ አለው። ሦስት ደቂቃ ሳትነኪው ከቆየሽ ወደ መጀመሪያው ይመለስና መመሪያውን እንደ አዲስ ያመጣል። እኔ ደግሞ ያላነበብኩትን ነገር በጣቴ አልነካም። አነበብኩ። ፎቶው መጣ። ሰዓቷን አየሁ። ማሽኑ ተመለሰ። እንደገና አነበብኩ።

"መምህርት፣ ላግዝዎት?" አለ ኦልያድ ከመጋረጃው ውጭ።

"ማንበብ እችላለሁ።"

"እትዬ፣ እዚያው ሊያድሩ ነው እንዴ?" አሉ አቶ ጉተማ። በዚህ ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም።

"ኧረ በማርያም! ሰዓቱ ሄደብን!" ይህች ኢፍቱ ናት።

ዐሥር ሰዓት ከሃምሳ ስድስት ላይ "ትመለስ" የሚለውን ነካሁ። "እርግጠኛ ነዎት?" ብሎ ጠየቀኝ። "አዎ" አልኩት። በፋሲካ ድምፄን እሰጥሻለሁ ብዬ ጽፌልሽ ነበር፤ ሰጥቼሻለሁ። በእናታችን አጥንት እምላለሁ።

ከእኔ በኋላ አቶ ጉተማን ጨምሮ ሦስት ሰዎች ገብተው ወጡ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሞላ። ሊቀመንበሩ አቶ ገብረ ክርስቶስ በሩ ይዘጋ አሉ። ሰልፉ ላይ ሠላሳ አራት ሰው ቀርቷል፤ ቆጥሬአቸዋለሁ። ሠላሳ አንዱ የእንጦጦ ሰዎች ናቸው።

ጩኸት ሆነ። ኢፍቱ መጥታ የነጠላዬን ጫፍ ያዘች። "የእናትሽ ልጅ ናት! አንድ ቃል ተናገሪላት፣ አንድ ቃል ብቻ!"

አቶ ገብረ ክርስቶስም ወደ እኔ ዞሩ። "መምህርት፣ ደንቡን የጻፉት እርስዎ ነዎት። ግማሽ ሰዓት ይጨመር ካሉ እጨምራለሁ። የሚቃወመኝም የለም።"

አንቀጽ ዐሥራ ዘጠኝን በቃሌ አልኩላቸው። "ከዐሥራ አንድ ሰዓት በኋላ በሰልፍ ላይ ያለ ሰው ድምፅ አይሰጥም።" የተጻፈው ይኸው ነው። በሩ ተዘጋ።

ኢፍቱ ነጠላዬን ለቀቀችና ድልድዩ ጋ ሄዳ ተቀመጠች። የያዘችበት ቦታ ተጨማዶ ስለነበር ዛሬ ጠዋት ተኩሼዋለሁ።

ደንቡ ጉዳይሽ እንደገና ለድምፅ እንዲቀርብ የሚፈቅደው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሐኪሙ ከመስከረም አታልፍም እንዳለሽ ጽፈሽልኛል። ሐኪምም ይሳሳታል፤ ራስሽን ጠብቂ። ካልሆነም ጎሬ ቤተ ክርስቲያን አያጣም። እናታችን አጠገብ ስላለው ቦታ ጠይቀሽኝ ነበር፤ ሣሩን አሳጭጄዋለሁ፣ አጥሩንም አሳድሼዋለሁ። ቦታው ለአንድ ሰው ይበቃል።

እመቤታችን ሕመምሽን ታቅልልሽ። የእናታችን ምርቃት ካለሽበት ይድረስሽ።

እህትሽ
ለተጊዮርጊስ

ማሽኑ የሰጠኝን ወረቀት ከደብዳቤው ጋር አድርጌልሻለሁ። የገባሁበትና የወጣሁበት ሰዓት ታትሞበታል። ያቺ ሰዓት እስከ ዛሬ ካለች፣ ብትቆምም ግድ የለም፣ ወደዚህ በሚመጣ ሰው ላኪልኝ።