ስለ ቀዝቃዛው ድፍድፍና ጠጥቷል ስለተባለው ባልደረባዬ

ለተከበሩ የአልኮል ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቢሮዎ ሞቅ ያለ መሆኑን ከጸሐፊዎ ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ በዚህ ግቢ ሞቆ የቀረ እሱ ብቻ ነውና። እኔ የላቦራቶሪዎ ኃላፊ ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ምስጋና በድብቅ ስለማያምር ነው።

1ኛ. ድፍድፉ ወደ ማንጠሪያው ማማ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበትን ማሞቂያ፣ እንፋሎት ለመቆጠብ ብለው ስላስዘጉት እናመሰግናለን። በየጉብኝትዎ የመግቢያውን ቧንቧ በመዳፍዎ ዳስሰው ቅዝቃዜውን ሲያደንቁ አብረንዎት አድንቀናል። ቀዝቃዛ ድፍድፍ ግን ማማው ውስጥ ሽቅብ የሚወጣውን የአልኮል ትነት አቀዝቅዞ ይዞት ይወርዳልና፣ ከታች ያለው ማፍያ ያንኑ መልሶ ለማትነን የቆጠቡትን እንፋሎት ከነወለዱ ይበላል። የማፍያው ፍጆታ በሌላ ክፍል ስም ስለሚመዘገብ እርስዎ ዘንድ አይታይም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው መቼም ስለ ሌላ ሰው ነው።

2ኛ. ማፍያው አቅም ሲያጣ አልኮሉ ከዝቃጩ ጋር ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። ይህንን መርምሬ ባሳውቅዎ፣ ላቦራቶሪ በምርት ሥራ ጣልቃ እንዳይገባ በአባትነት መከሩኝ። ምክርዎን ከአጥሩ ኋላ ካለው ቦይ አጠገብ ቆሜ፣ አልኮሉን እያሸተትኩ አስታውሰዋለሁ።

3ኛ. የጎደለውን አልኮል ጠጥቶታል ብለው የማማውን ኦፕሬተር አገዱት። በገዛ ሠርጉ ላይ እንኳ ውሃ ይዞ በመዋሉ «ውሃው» የምንለውን ሰው መሆኑ ነው። ያን ሁሉ በርሜል ጨርሶ ቀጥ ብሎ መራመዱን ካመኑ ከእገዳ ይልቅ ሽልማት ይገባው ነበር። እሱ ቤቱ ከዋለ ወዲህም ጉድለቱ አላቆመም፤ ምናልባት ረጅም ቧንቧ ዘርግቶ ይሆናል። ሚስቱ ግን ገበያ በወጣች ቁጥር የሰካራሙ ሌባ ሚስት እየተባለች ትመለሳለች። እዚህ ላይ ቀልዴ ያልቅብኛል፤ አዝኛለሁ፣ ተናድጃለሁም።

የመዳፍዎን ጥበብ ለብዙ ዘመን እንዲያቆይልን እየተመኘሁ፣ ወገቤ እስከፈቀደልኝ ድረስ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ታዛዥዎ፣ የላቦራቶሪ ኃላፊ

ማሳሰቢያ፦ ታዛዥዎ ያልኩት ለወጉ ነው። ዛሬ ጠዋት ማሞቂያውን ያለ ፈቃድዎ አስከፍቼዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ በመረመርኩት ፍሳሽ ውስጥ አልኮል አልተገኘም። ስለዚህ የ«ውሃው»ን የእገዳ ደብዳቤ ስሙን ብቻ ቀይረው ለእኔ ይላኩልኝ፤ ጥፋተኛ ሠራተኛ ሲፈልጉ ነበርና፣ አሁን በእርግጥ አግኝተዋል።