ለሌላ ቀን የተላለፈው ፈተና

ቂርያት ጋት፣ እስራኤል፣ መጋቢት 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ጎንደር ለሚገኘው ወንድሜ ለጌታው፤ ከልጆችህ ጋር እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለን።

በፀሐይ ኃይል ምህንድስና ማስተርሴን ለመማር ቤር ሼቫ በአውቶቡስ እመላለሳለሁ። የማጠናው በፀሐይ የሞቀ ውኃ ሙቀቱ ሳይባክን እንዴት እንደሚቆይ ነው።

ሰኞ ለፈተና ተቀምጬ ሳለ ጎረቤታችን ሙሉእመቤት ስልክ ደውላ አስጠራችኝና አባባ ከቤት ወጥተው እንደጠፉ ነገረችኝ። እየበረርኩ ተመለስኩ። አባባን አውቶቡስ ጣቢያ አገኘኋቸው።

«የጎንደሩ የቱ ነው?» አሉኝ።

«ዛሬ የለም፤ ቤት እንግባ» አልኳቸው።

ፈተናው ለሌላ ቀን ተላለፈልኝ። ከዚያ ወዲህ የማጠናው በሩን ቆልፌ እቤት ነው፤ አንድ ገጽ ሳልጨርስ እየተነሣሁ አያቸዋለሁ።

እባክህ ፎቶግራፍህን ቶሎ ላክልን። አባባ «ጌታው!» እያሉ ይጠሩኛል፤ እኔም «አቤት» እላለሁ።

ፈጣሪ በሰላም ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

ወንድምህ ማዕረግ