እናቴን በስልክ ላዳኑልኝ ሐኪም

ለክቡር ዶክተር አሎን
የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ፣ ቤር ሼቫ፣ እስራኤል

ጤናዎ የተሟላ፣ ሆድዎም ስፌት የማያውቅ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ የሽኩና ዳሌት ሰፈር ነዋሪዋ ምስራቅ የእናቴን የወይዘሮ ካሳነሽን ምስጋና በአደባባይ ላደርስዎ ተነሥቻለሁ።

፩. እናቴ አንጀቷን ታክማ ከዳነች በኋላ የሆዷ ጠባሳ ከውስጥ ተከፍቶ አንጀቷ ወደ ውጭ ሲገፋ፣ መረብ አስገብተው ስለጠገኑላት እናመሰግናለን። በአራተኛው ወር እብጠቱ ተመልሶባት ወደ እርስዎ ስትመጣም በጀርባዋ አስተኝተው ዳሰሷትና «ሹማን ነው፣ ስብ ነው፤ እንጀራ ቀንሺ» ብለው ሸኟት። ቆማ እንድትስል ቢያደርጓት ኖሮ እብጠቱ ራሱ ብቅ ብሎ ሰላም ይልዎት ነበር፤ ግን እርስዎ ሰው ማስቸገር አይወዱም።

፪. ከስምንት ወር በኋላ ከክፍልዎ ተደወለ። አንዲት ጨዋ ልጅ በዕብራይስጥ እንዴት እንደሆነች ጠየቀቻት። እናቴ ሆዷን በሻሽ አስራ ጋደም ብላ ነበር፤ ሆኖም ለጠየቃት ሁሉ እንደምትመልሰው «ባሩክ ሃሼም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለች። ልጅቷም አመስግና ዘጋች። ፋይሏን አስወጥቼ ሳነብ «ድናለች፤ እብጠቱ አልተመለሰም» ይላል።

፫. ስልኩ በተደወለ በዘጠነኛው ቀን የዳነችው እናቴ አንጀቷ በቀዳዳው ተቀርቅሮ ታነቀ። ሲያስመልሳት ውሎ ሌላ ሆስፒታል አደረስኳት። የዚያ ሆስፒታል ሐኪም ዶክተር ሪናት የሞተውን አንጀት ቆርጠው ጣሉላትና «ጥቂት ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ አናተርፋትም ነበር» አሉኝ። እናቴ ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ግን ስለ እርስዎ ነበር። «ልጄ፣ ሌላ ዘንድ መታከሜን ሲሰሙ ያ ዶክተር ይቀየሙን ይሆን?» አለችኝ።

እሷ ይቅር ብላዎታለች። እኔ ግን የእሷን ያህል ደግ ሆኜ አላደግሁም።

በክፍልዎ በር ላይ ከመቶ ታካሚዎችዎ ዘጠና ሰባቱ መዳናቸውን የሚያበስር ማስታወቂያ ነበር። እነዚህን የዳኑ ሰዎች በዓይኔ ለማየት ጓጉቼ በሽኩና ዳሌትና በሽኩና ቫቭ ቤት ለቤት ዞርኩ። እንደ እናቴ በስልክ የዳኑ ስድስት ሴቶች አገኘሁ። ቆመው እንዲስሉ ለመንኳቸው፤ የሁሉም እብጠት ብቅ አለ፤ ለዚህ የሐኪም ትምህርት አላስፈለገኝም። ከዚያም ሌላ ሐኪም ዘንድ ወስጄ አስመርምሬ፣ የሰባቱንም ማስረጃ ለጤና ሚኒስቴር የቅሬታ ክፍል አስገባሁ። ማስታወቂያው ባለፈው ማክሰኞ መነሣቱን ሳይ ትሕትናዎ አስደነቀኝ።

የእጅዎን ሥራ በየጠዋቱ አጥባ በፋሻ የምታስር፣
የወይዘሮ ካሳነሽ ልጅ ምስራቅ

ማሳሰቢያ፦ የጤና ሚኒስቴሩ አጣሪ ኮሚቴ ለመጪው ወር መጀመሪያ እሑድ ጠርቶዎታል። ሰባቱም ሴቶች ይመጣሉ። ዕብራይስጣቸው ስለማይበቃ አስተርጓሚያቸው እኔ ነኝ፤ አንድም ቃል አላለዝብልዎትም።