እትዬ ኩኩሉ እና መኝታ ቤት የገቡት ዶሮዎች

«የዶሮ ወረርሽኝ ገብቷል ተብሎ ነጭ ቱታ የለበሱ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ነው። ዶሮውን በጆንያ፣ ባለቤቱን በመኪና ጭነው ይወስዳሉ፤ ዶሮውን ያቃጥሉታል» የሚለውን ወሬ ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ክረምቱን ሙሉ ሲደጋግመው ከርሟል። ዛሬም ከለቀስተኛው መካከል ተቀምጧልና ወሬው የገባበትን ቤት ታሪክ ከእኛ አፍ ይስማ።

የሠፈሩ ልጆች እትዬ ኩኩሉ የሚሏቸው አክስታችን፣ ከግንበኛ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ከሸክላ ፋብሪካው ጀርባ በነበረች ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። አባታቸው ቁጡ ነበሩ፤ የእግራቸው ኮቴ ሲሰማ ልጆቹ ሁሉ አልጋ ሥር ይገቡ ነበር። «እኛ ነፍሳችንን ለማዳን ስንሮጥ፣ እሷ መጀመሪያ ጫጩቷን ፍለጋ ትሮጥ ነበር» ይላሉ ታላቅ ወንድማቸው። ያቺ ጫጩት አድጋ እንቁላል እስክትጥል ድረስ አባትየው መኖሯን እንዳላወቁ ይነገራል።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለው እናታቸው ሲታመሙ አቋረጡ። በ1967 ዓ.ም. በሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ተቀጥረው ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2004 ዓ.ም. ድረስ አገልግለዋል። የተላላፊ በሽታ ክፍሉ አንሶላ ለብቻ ተቀቅሎ የሚታጠበው በእሳቸው እጅ ነበር። ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ደግሞ ፍራሹና ብርድ ልብሱ ከሕንፃው ጀርባ ሲቃጠል፣ የታማሚ ቤተሰብ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ሲመለከት አይተዋል። ያን ጭስ ያየ ሰው ስለ ማቃጠል ሲወራ የሚሰማው እንደ ልብስ ሰፊው በጆሮው ብቻ አይደለም፤ በሆዱ ነው።

በ1972 ዓ.ም. ከአንድ የአውቶቡስ ሾፌር ጋር ትዳር መሥርተው ዛሬ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነውን ልጃቸውን ወልደዋል። ወላጆቿን በልጅነቷ ያጣችውን የታናሽ ወንድማቸውን ልጅም አሳድገዋል። ይህን ጽሑፍ የጻፈችው እሷ ናት። ፊደል የቆጠረችው በሆስፒታሉ አንሶላ ጠርዝ ላይ በቀይ ክር ከተሰፋው የክፍል ስም ነው፤ ስህተት ያገኘ ካለ በቀይ ክር ይስፋበት።

ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ቤቱ ጭር አለባቸው። በልብስ ማስጫው ገመድና በውኃ ታንከሩ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ቆጥ አስመትተው ዶሮ ማርባት ጀመሩ። ዶሮ የታቀፈችውን እንቁላል በየተራ አውጥተው አምፖል ፊት በመያዝ ይፈትሹ ነበር፤ የደም ሥር ያዩበትን «ይሄስ ሰው ይወጣዋል» ብለው ይመልሱታል፣ ምንም ያላዩበትን ደግሞ «ባዶ፤ ልክ እንደ አከራይ ልብ» ብለው ወደ ጎን ያኖሩታል። ሻለቃ የሚባለው አውራ ዶሯቸው ሠፈሩን ገና ሳይነጋ ስለሚቀሰቅስ ሊከስ የሚመጣ አይጠፋም ነበር። የመጣው ሁሉ ግን ትኩስ እንቁላል ይዞ፣ መርቆ ይመለሳል።

ወሬው የመጣ ዕለት ያ ሁሉ ጨዋታ ቀረ። እትዬ ቆጡን አፈረሱ፤ ዶሮዎቹን መኝታ ቤታቸው አስገብተው ወለሉን ሰጋቱራ አለበሱት። ድምፅ እንዳይወጣ የመስኮቱን ንቃቃት በጥጥ ጠቀጠቁ፣ በላዩ ላስቲክ መቱበት። ለሻለቃ ጣሪያው ዝቅ ያለ ሣጥን አሠሩለት፤ አውራ ዶሮ ለመጮህ አንገቱን ወደ ላይ ማስገግ አለበት፣ ካልቻለ ድምፁ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። የእሳቸውም ድምፅ አብሮ ቀረ። በገዛ ቤታችን በሹክሹክታ መነጋገር ጀመርን። ያስነጠሰውን ሰው ይቆጡት ነበር።

አንድ ረቡዕ ከቀትር በኋላ የግቢው በር ተንኳኳ። በስንጥቁ ስናይ ነጭ ቱታ ነው። እትዬ ቀይዋን ዶሮ ደረታቸው ላይ አቅፈው ቁም ሣጥን ውስጥ ገቡ፤ እኛ ባለንበት ደርቀን ቀረን። ከውጭ «እናቴ፣ ቤት የሉም?» ይላል ሰውዬው፣ ረጋ ብሎ። ረጋ ማለቱ ይበልጥ አስፈራን። ከሄደ በኋላ የቁም ሣጥኑን በር ብንከፍት እትዬ መውጣት አቅቷቸው ነበር፤ ደግፈን አወጣናቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ መስኮቱ ለአፍታም አልተከፈተም።

ሳሉ የጀመራቸው ከዚያ በኋላ ነው። የሰጋቱራው ብናኝና የኩሱ ሽታ ዓይን ያቃጥል ነበር። ልጃቸው እያለቀሰ «እማዬ፣ ዶሮ ይተካል፤ እናት አትተካም። ሐኪም ቤት እንሂድ» ቢላቸው፣ «ሐኪም ቤትን አንተ ለእኔ ትነግረኛለህ? ልብሴን አሽትተው ዶሮ አለሽ ወይ ይሉኛል። እኔ ደግሞ ተጠይቄ መዋሸት አልችልም» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ ሲዋሹ ጆሯቸው ይቀላ ነበር። ራሳቸውን ስተው በሰው ሸክም ሆስፒታል ሲደርሱ፣ ሐኪሙ ሳንባቸው በተዘጋ ክፍል ብናኝ መጎዳቱን፣ ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ ይረዳቸው እንደነበር ነገረን። የዶሮ ወረርሽኝ ነው የገደላቸው የምትሉ ስሙ፤ የገደላቸው ፍርሃት ነው።

አክስታችን በተወለዱ በ67 ዓመታቸው፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ታላቅ ወንድማቸው፣ ልጃቸውና ምራታቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸው፣ ያሳደጓት የወንድማቸው ልጅ፣ እንዲሁም እህሉን ከማን እጅ እንደሚለቅሙ ግራ የገባቸው ዶሮዎቻቸው ቀርተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ደጅ ሳያስጠና ያስገባልን፤ ኮቴ የማያስደነግጥበት ቦታ ያሳርፍልን። ለእኛም ሳንደበቅ የምንተነፍስበትን ልብ ይስጠን።

ይህ ጽሑፍ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል፣ ትናንት፣ የግቢው በር ለለቀስተኛ ክፍት ስለነበር ነጭ ቱታ የለበሱት ሰዎች ሳያንኳኩ ገቡ። ለመደበቅ አቅም ያለው ሰው አልነበረም። ከእንስሳት ጤና ቢሮ ነን አሉ፤ የሚያቃጥሉት ዶሮ ኖሮ አያውቅም። ያን ረቡዕም የመጡት የእትዬን ዶሮዎች ፈንግል እንዳይጨርሳቸው በነፃ ሊከትቡላቸው ነበር።