ዘጠነኛው እርማት

ውድ ጭረቴ፣

ይህን ደብዳቤ እናትሽ ቅዳሜ ይዛልሽ ትመጣለች። በስልክ መጻፍ ትቻለሁ። የመጨረሻውን መልእክቴን ካነበብሽው ዛሬ አሥራ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ማንበብሽን ስልኩ ይነግረኛል፤ ከዚያ ወዲያ የሚነግረኝ ነገር የለም። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ አላነሳሽም። ለእናትሽ «ደህና ነኝ» ትያታለሽ፤ እሷም «ደህና ነኝ ብላለች» ትለኛለች፤ ስትለኝ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ሁለት ቃል ይህን ያህል ቀን አንድን ቤት ሲያስተዳድር አይቼ አላውቅም።

የጠየቅሽኝ ቀላል ነገር ነበር። «አባዬ፣ የሠራሁበት ፊልም እናንተ ጋ ደርሷል። ሄደህ እየውና የተሰማህን ጻፍልኝ። እንዳትዋሸኝ።» ትምህርትሽን አቋርጠሽ የሄድሽ ቀን በር ላይ ቆሜ «ካርቱን ሰው ሲያድግ የሚተወው ነገር ነው» ካልኩሽ ወዲህ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ሥራሽን እንድመለከትልሽ ጠይቀሽኝ አታውቂም። ስለዚህ ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ምን እንደማደርግ ደግሞ ታውቂያለሽ፤ ደብተርና ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ሄድኩ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ግማሹ ሰው እንደ ፊልሙ ጀግኖች ካባ ለብሷል። ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ቀይ ሰው ሠራሽ ፀጉር አጥልቃ የእንጨት ጦር ጉልበቷ ላይ አጋድማለች። አምስተኛ ጊዜዋ እንደሆነ ነገረችኝ፤ የጠየቃት ግን አልነበረም። በትንሿ ባትሪ እያበራሁ ስጽፍ አንድ ሰዓት ያህል ታገሠችኝና፣

«ጋሼ፣ ፊልም እያዩ ነው ወይስ ፈተና እያረሙ?» አለችኝ።

«ሁለቱንም።»

«ይሁን። እዚህ ጋ ግን እስክሪብቶውን ያስቀምጡት። እዚህ ጋ ይለቀሳል።»

እውነትም ተለቀሰ። ሽማግሌው አስተማሪ ከጉም የሚወጡትን አውሬዎች ድልድዩ ላይ ብቻውን ሊገጥም መስተዋት ፊት ካፖርቱን ለብሶ ሲወጣ ነው። ከኋላዬ አንድ ግዙፍ ጎረምሳ አፍንጫውን እየሳበ አነባ። እኔ እስክሪብቶዬን አላስቀመጥኩም። ዘጠነኛውን እርማት የጻፍኩት ያኔ ነው።

እቤት ገብቼ አሥራ አራቱንም ላኩልሽ። ቤተ መቅደሱ ስትወጣው ሃያ ሦስት፣ ስትወርደው ሠላሳ አንድ ደረጃ አለው አልኩ። የገመዱ ድልድይ አርባ ሰው ተሸክሞ የታሰረበት ምሰሶ ግን አይታይም አልኩ። የአውሬዎቹ አለቃ ጦር ሆዱ ውስጥ ተሰክቶ ስለ ልጅነቱ አሥራ አንድ ደቂቃ ያወራል፤ በሰዓቴ ለክቼዋለሁ። ዘጠነኛው እንዲህ ይላል፦ «የሽማግሌው ካፖርት ሦስተኛ ቁልፍ ሳይቆለፍ ታልፏል። አንዴ ቢሆን ስህተት እል ነበር፤ እጁ ሦስት ጊዜ ዘሎታል። ይህን የሣለው ሰው ሥራውን አያከብርም።»

ቃል በቃል ነው የገለበጥኩት።

የዛሬ ሳምንት እናትሽ «እኔም ልየው፣ ውሰደኝ» አለችኝ። ዝርዝሩን መላኬን አልነገርኳትም ነበር። ዝናብ ስለነበረ ካፖርቴን ለብሼ ነበር የሄድኩት። ሽማግሌው መስተዋቱ ፊት ሲቆም ክንዴን ያዘችኝ።

«አየኸው?»

«ምኑን?»

«እጁን።»

«አይቼዋለሁ፤ ስህተት ነው። ጽፌላታለሁ።»

«ምን ብለህ?»

በጆሮዋ ነገርኳት። ክንዴን ለቀቀችው። ከፊታችን ያሉት ያለቅሳሉ፤ እሷ ግን አላለቀሰችም። ከዚያ ሰው ሁሉ እንደሚሰማን ረስታ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣

«እስቲ የራስህን ካፖርት ተመልከት፣ አንተ ሰውዬ» አለችኝ።

ወደ ታች አየሁ። አንደኛው ተቆልፏል። ሁለተኛው ተቆልፏል። ሦስተኛው ክፍት ነው። አራተኛው ተቆልፏል። የመለኪያ ሜትሬ በውስጥ ኪሴ ነው የሚቀመጠው፤ እጄ ቶሎ እንዲገባ ከመጀመሪያ ሥራዬ ጀምሮ ያቺን ቁልፍ አልቆልፍም። ሠላሳ ዓመት ገደማ ለብሼዋለሁ። አንድም ቀን አላየሁትም።

«አሥራ ሁለት ሰከንድ ናት» አለች እናትሽ፣ አሁን ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሁለት ወር ፈጅታባታለች። ሌላው ሥራዋ ሁሉ ሌላ ሰው በጀመረው ሥዕል መሃል መሃሉን መሙላት ነው፤ ይህችን ብቻ ነው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለራሷ የሰጧት። 'እንዳትነግሪው እማዬ፣ ራሱ ያግኘው' አለችኝ። አገኘኸው አይደል? አግኝተህ ከበብከው።»

የመጀመሪያው ቀን የሠሪዎቹ ስሞች ማለፍ ሲጀምሩ መኪና ማቆሚያው ሳይጨናነቅ ብዬ ወጥቼ ነበር። ከእናትሽ ጋር ግን እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ። ስምሽ ከግራ በኩል፣ በደቃቃ ፊደል፣ ከመቶ ምናምን ሰው ጋር አለፈ። ሦስት ሰከንድ አይሞላም።

አሁን የሚያስጨንቀኝን ልንገርሽ። ውልሽ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ ለሚቀጥለው ፊልም ትፈርሚያለሽ ወይም ትወጫለሽ። ለእናትሽ «እተወው ይሆናል» ማለትሽን እሑድ ሰማሁ። መቼ እንዳልሻት ጠየቅኳት። ቀኑን ነገረችኝ። ቀይ እስክሪብቶዬ ከደረሰሽ ማግስት ነው። ከዚያ ወዲህ ምግብ ሲቀርብ እቀመጣለሁ እንጂ አልበላም። ቢሮም ሆኜ ስልኬን በደቂቃ በደቂቃ እገለብጣለሁ። ሰኞ ዕለት የምሰሶ ልክ ያልተጻፈበትን ንድፍ ፈርሜ አሳለፍኩ። ነዳፊያችን መልሶ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠውና «ጋሼ፣ አሞዎታል?» አለኝ። ስህተቴን ያገኘ ሰው ሲያዝንልኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ቢሥቅብኝ በተሻለኝ።

ሥራዬን በልጅነትሽ አይተሻል። የሕንፃ ንድፍ ይመጣልኛል፣ ስህተቱን በቀይ እከብባለሁ፣ ቁጥር እሰጠዋለሁ። በአራት ዓመትሽ እንድታይ ብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬሽ በአንድ ንድፍ ላይ በመኝታ ቤቱ መሃል አንድ መስመር ጫርሽበት፤ እኔም ሳላየው አለፈ። የግንባታው ፎርማን ደውሎ «ባልና ሚስቱ ተጣልተዋል እንዴ? አልጋቸው መሃል ግድግዳ አቁም ተብያለሁ» አለኝ። ጭረት ያልኩሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ጥሩው ነገር ምልክት አይደረግበትም። ንጹሕ ሆኖ የተመለሰ ወረቀት ምስጋና ነው፤ በቢሮው ያለ ሁሉ ይህን ያውቃል። አንቺ ግን የቢሮዬ ሰው አልነበርሽም። በሥዕል ደብተርሽ ላይ ያልከበብኩትን እንደወደድኩት እንድታነቢ ማን ነግሮሽ ነበር? እኔ መሆን ነበረብኝ፤ አልነገርኩሽም።

እንግዲህ ያልከበብኩትን ልጻፈው። ጦረኛዋ ልጅ ከጣሪያ ወደ ጣውላው ስትዘል ጣውላው መጀመሪያ ይጎብጣል፣ ቀጥሎ ይመልሳታል። ክብደት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው ያን የሣለው፤ እኔ ክብደትን ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ማንም ሊያታልለኝ አይችልም። ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ጠብታዎቹ እኩል አይደሉም። አውሬው ሲወድቅ አቧራው ከሱ ዘግይቶ ይነሣል። እነዚህን አይቼ ትንፋሼን ይዣለሁ። እና ሳልጽፋቸው ገጹን ገለበጥኩ።

ሌላው ግን አሁንም ያናድደኛል፤ እንዳልዋሽሽ ጠይቀሽኛል። ሙዚቃው ሰውን ለማስለቀስ ጉሮሮ ያንቃል። ተዋጊዎቹ ከመምታታቸው በፊት የምታቸውን ስም እየጮኹ ያስተዋውቃሉ፤ ጠላት ጆሮ የለውም? ከተማዋ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስትፈርስ ማን መልሶ እንደሚሠራት አንድ ሰው እንኳ አይጠይቅም። እናትሽ «እሱን ፊልም አንተ ሥራው» አለችኝ። ከሁሉ ይልቅ የሚያናድደኝ ለዚህ ጩኸት ሲሉ ልጆቹን በቀን አሥራ አራት ሰዓት ማስጎንበሳቸው ነው። አንገትሽን ያምሻል ብላኛለች እናትሽ። ዓይንሽስ?

ይህን ሁሉ የምለው እንድትቀሪ ወይም እንድትወጪ አይደለም። አንገትሽ ስለታመመ ተዪው፤ ሥራው ስለሰለቸሽ ተዪው፤ ሌላ የተሻለ ስላገኘሽ ተዪው። ዘጠነኛው ቁጥር ግን ምክንያት አይሁንሽ። ብትቀሪም ለእኔ ብለሽ አትቅሪ። የማላውቀው ሕዝብ፣ ያቺ ቀይ ፀጉር፣ ያ ግዙፍ ጎረምሳ፣ በአሥራ ሁለት ሰከንድሽ ሲያለቅሱ አንድ እኔ ብቻ ነበርኩ ያልተቆለፈ ቁልፍ የምቆጥረው።

ቢሮአችን አንድ ደንብ አለው። አራሚ ሲሳሳት እርማቱን መሰረዝም መፋቅም አይፈቀድለትም። ከጎኑ መሳሳቱን ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ቀን አድርጎበት ወረቀቱ ለነዳፊው ተመልሶ ይቀመጥለታል። በሃያ ስምንት ዓመት አንድ ጊዜም ጽፌ አላውቅም፤ እንደ ኒሻን ስቆጥረው ነበር። ጥሩ አራሚ ስለሆንኩ ይሁን ማንም ሊነግረኝ ስላልደፈረ፣ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

የዝርዝሩ ዋና ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታጥፎ አለ። አሥራ ሦስቱን አልነካኋቸውም፤ ከፈለግሽ ተከራከሪኝ፣ ደስ ይለኛል። ዘጠነኛው ያንቺ ነው፤ አስቀምጪው። እናትሽ ስትመለስ መቀበልሽን ብቻ ብትነግረኝ ይበቃኛል። ቅዳሜ ማታ ባቡር ጣቢያ ቆሜ እጠብቃታለሁ። ካፖርቴን ትናንት እስከ ላይ ልቆልፈው ሞክሬ ነበር፤ እጄ ሦስተኛዋን ዘለላት።

በዘጠነኛው አጠገብ በቀይ የጻፍኩት ይህ ነው፦

ሥዕሉ ትክክል ነው። የተሳሳተው አራሚው ነው።

አባትሽ