የፊልም ተርጓሚዋ ሰባት ቤት

ቅዳሜ፣ ሕዳር 2 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ድምፄ ሻክሯል። ማይክራፎኑ ዛሬም ግማሽ ላይ ዝም አለ። የቀረውን በጉሮሮዬ ተረጎምኩት። የቀበሌያችን አዳራሽ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ፣ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ። የመግቢያው ገቢ ለግንባር ነው ስለተባለ ነፋስ ስልክ ውስጥ የቀረ ሰው ያለ አይመስለኝም።

እኔ እንደ ልማዴ ሸራው ጥግ ቆሜ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። የዛሬው ፊልም አዲስ ነው። ለእኛ አዲስ ማለቴ ነው፤ ፈረንጆቹ በዚያ በትልቁ ጦርነት ጊዜ የሠሩት፣ ጥቁርና ነጭ፣ የፍቅርና የሳቅ። የመርከብ ባለቤት ልጅ አንድ ወታደር ትወዳለች። ሀብታም መሆኗን እንዳያውቅ ሽርጥ ለብሳ ወታደሮች ሻይ የሚጠጡበት ቤት ትቀጠራለች። የአባቷን ሾፌር አባቴ ነው ትላለች።

ታዲያ ለማ የፊልሙን ጥቅሎች አቀያይሮ ይጫናቸው! (ለማ የፊልም ማሳያ ማሽኑን በሚሠራበት መ/ቤት ላንድሮቨር ጭኖ በየቀበሌው የሚያሳየው ልጅ ነው። ከእንግዲህ ለ. ብቻ እለዋለሁ። ደብተር ሰው እጅ ይገባል።) ሳህን ስታጥብ የነበረችው ልጅ ሳይታሰብ በፀጉር ካፖርት ከመኪና ወረደች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ተመልሳ ሳህን ታጥባለች። አዳራሹ ጮኸ፣ ምንድነው ነገሩ እያለ። አፌ ቀደመኝ። መንታ እህቷ ናት አልኩ።

አመኑኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሴት ይዤ ልዘልቅ ሆነ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ለድሃዋ መንታ አለቀሱላት። ለ. ከማሽኑ ኋላ ሲስቅ ሥዕሉ ራሱ ተንቀጠቀጠ። የቀበሌው ሊ/መንበር ግን ወደደው። ድሃዋ መንታ የመደብ ትግሉን ቁልጭ አድርጋ አሳይታለች፣ የሚመጣው ቅዳሜ ይደገም አለ። እሺ አልኩ፤ ምን ልበል?

ነገ የለ. ሽማግሌዎች እናቴ ዘንድ ይመጣሉ። ዘመቻ ሳልጠራ፣ ጾሙም ሳይገባ ነገሩ ይለቅ ብሏል።

እናቴ አልኩ። ደብተሬ፣ ካንቺ አልደብቅም። ብርቄ አልወለደችኝም። የአባቴ ወጥ ቤት ነበረች። ቤቱ የተወረሰ ጊዜ፣ አባቴ የታሰረ ጊዜ፣ ቀበሌው ነዋሪ ሲመዘግብ እጄን ይዛ ሄዳ የኔና የሟች ባሌ የተሰማ ልጅ ናት አለች። ከዚያ ወዲህ አልማዝ ተሰማ ነኝ። የወጥ ቤት ልጅ እንግሊዝኛውን ከየት አመጣችው ያለ ሰው የለም። ጎበዝ ናት ብቻ ይላሉ።


እሑድ፣ ሕዳር 3፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

መጥተው ሄዱ።

ሦስት ነበሩ። የለ. አባት አባባ ቱሉ ከፉሪ በእግራቸው፣ ሁለት ጎረቤቶቻቸውም አብረው። አባት ራሱ ሽማግሌ ሆኖ አይመጣም፤ እሳቸው ግን ወንድምም ዘመድም ስለሌላቸው መጡ። ብርቄ ተቀመጡ አለች። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ወጉ ነው። ተለመኑ፣ ተቀመጡ። ጥሩ እየሄደ ነበር።

ውሃ ይዤ ስገባ ብርቄ ከወንበሯ ብድግ አለች።

እናት ለልጇ ተነሳች! ስንት ዓመት እኔ በገባሁ ቁጥር የተነሳ እግር ነው። ብቻችንን ስንሆን ትቶት ነበር። እንግዳ ሲሞላ፣ ፍርሃቱም ሲጨመር፣ የድሮው ቤት መሰላት። ወዲያው ነቃች፤ የመጋረጃውን ጫፍ እንደምታስተካክል ሆነች። ሁለቱ ሽማግሌዎች አላዩም። አባባ ቱሉ አዩ። እሷን አዩ፣ ከዚያ እኔን ረዘም አድርገው አዩኝ። ውሃውን ተቀብለው አመሰገኑ።

ቀጠሮ ሲያዝ የተናገሩት አንድ ነገር ነው፤ የዛሬ ሳምንት የልጅቷን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጥራችሁ ጠብቁን። ጓደኞቻቸው ሳቁ። እኛ ከፉሪ፣ እነሱ ከሶዶ፣ የት ተገናኝተን እንዛመዳለን? ይሄ የድሮ ነገር ነው አሉ። አባባ ቱሉ ግን ሽማግሌ መላኩስ የድሮ አይደለም ወይ ብለው በዚያው ጸኑ።

የማላውቀው ነገር ቢሆን ምናለ። ለ. ክረምት ላይ ሻይ ስንጠጣ አጫውቶኛል። አባቱ የግራዝማች ክፍሌ ጭሰኛ ነበሩ። ግራዝማች ክፍሌ የኔ አባት ነው። ስሙን ሲጠራ ብርጭቆውን ይዤ ነበር፤ አልጣልኩትም። ዝም ካልኩ ይኸው ሦስት ወር።


ሰኞ፣ ሕዳር 4፣ ከሥራ መልስ

ብርቄ ወስናለች። የተሰማን ዘር ታስጠናኛለች። ምስር እየለቀመች ትጠራልኛለች፣ እኔ እደግማለሁ። ተሰማ፣ ወልዴ፣ ነጋሽ፣ ... አራተኛው ላይ እሰናከላለሁ። እንዲህ ያለ ትምህርት ገጥሞኝ አያውቅም። ሰዎቹ እውነተኛ ሰዎች ናቸው፤ አርሰው፣ ወልደው፣ የሞቱ። በማላውቃቸው መቃብር ላይ ቤት የምሠራ መሰለኝ።

ፊልሙ ደግሞ ቤቴን ሰልሎ የወጣ ይመስላል። ሾፌር አባት ሆኖ፣ ወጥ ቤት እናት ሆና። ልዩነቱ አንድ ነው፤ እዚያ ድሃ የመሰለችው ሀብታም ሆና ስትገኝ ያጨበጭባሉ። የኛም አዳራሽ ቅዳሜ ዕለት ለድሃዋ መንታ አጨብጭቧል። እኔ ነኝ ብል ግን ማን ያጨበጭብልኛል?


ረቡዕ፣ ሕዳር 6፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት

ነገርኩት።

ታይፒስት ከሆንኩበት ፋብሪካ ስወጣ በር ላይ ጠበቀኝ። በላፍቶ መንገድ፣ ባሕር ዛፉን ይዘን ሄድን። በመጀመሪያ ቅዳሜ ሁለቱን መንታዎች እንዴት አድርጌ እንደማስታርቅ ጠይቆ ሲስቅ ነበር። አቋረጥኩት። አባቴ ተሰማ አይደለም፣ ክፍሌ ነው አልኩት። የትኛው ክፍሌ አላለም። ቆመ።

የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክረምት ላይ ሻይ ስንጠጣ ታውቂ ነበር? አዎ አልኩ። ከዚያ በቀስታ፣ በትሕትና፣ ደህና ዋይ ብሎኝ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አባቴን እወደው ነበር። አሁንም እወደዋለሁ። ከእስር ወጥቶ ብዙ ሳይቆይ በብርቄ አልጋ ላይ ነው የሞተው፣ እጄን ይዞ። ግን ልጅ ሆኜ በረንዳ ላይ እጫወት የነበረ ጊዜም ትዝ ይለኛል። ከፉሪ የመጡት ሰዎች ጆንያቸውን አጠገባቸው አድርገው፣ አባቴ ምሳውን በልቶ፣ ተኝቶ እስኪነሳ ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ። ውሃ እንኳ ስጡ ያለ አልነበረም። እኔም አላልኩም። አባባ ቱሉ የትኛው እንደነበሩ አላውቅም። ሁሉም ራሳቸውን በጋቢ ሸፍነው ነበር። አፈርኩ፤ በሱም በራሴም።


ሐሙስ፣ ሕዳር 7

የለ. ድምፅ የለም። ቢሮ አንዱን ደብዳቤ አራት ጊዜ ታይፕ አደረግሁት። አለቃዬ አሞሻል ወይ አለኝ፣ ጉንፋን ነው አልኩ። መዋሸት ለምዶብኛል።

ብርቄ ለለ. መንገሬን ስትሰማ ራሷን ይዛ ተቀመጠች። ቀበሌው ቢሰማስ? በውሸት አስመዝግበሻል ብሎ ቤቱን ቢነጥቀኝስ? አለች። እውነቷን ነው። ይሄ ልጅ ካልመጣ ሌላ ይመጣል፣ አንቺ ብቻ አፍሽን ያዢ አለችኝ። ሌላ አልፈልግም አልኳት። አፌን መያዝም አልፈልግም። ስምንት ዓመት ይበቃል።


ቅዳሜ፣ ሕዳር 9፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ብዙ ነገር። በተራ ልጻፈው።

ለ. መጣ። መምጣቱስ ሥራው ነው። ማሽኑን ሲተክል አላየኝም። ጥቅሎቹን ዛሬ በትክክል ጫናቸው። ጉድ የፈላው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው መንታዋን ጠየቀ። የት ሄደች? ባለፈው ያለቀሱት እናት ገደላችኋት ወይ ብለው ተነሱ። መንታ የለችም፣ አንዲት ሴት ናት፣ ባለፈው የተረጎምኩት ስሕተት ነው አልኩ በማይክራፎን። አጉረመረሙ። ሊ/መንበሩም ተቆጣ። ግን ቀለለኝ።

ከዚያ አየኋቸው። አባባ ቱሉ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሐል አድርገው። ፊልም አይተው አያውቁም። ልጄ የሚሠራውን ልይ ብለው ነው የመጡት።

ሰው ሁሉ በሳቅ የሚወድቅበት ቦታ አለ። የወታደሩ አባት ከገጠር ይመጣሉ፣ ልጅቷን ለልጃቸው ሊጠይቁ። ሾፌሩን የልጅቷ አባት መስሏቸው እጅ ይነሳሉ። እውነተኛው አባት ደግሞ አሳላፊ መስሎ መጠጥ ይቀዳላቸዋል። ሁሉም ይጠቃቀሳል። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ ሁለቱን ይመርቃሉ። የማያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ይቺን ቦታ እንዴት አሳምሬ እንደተረጎምኳት! ድምፄን እንደ ሽማግሌ አድርጌ። ዛሬም አዳራሹ ሳቀ። ሦስተኛው አግዳሚ ላይ አንድ ሰው አልሳቀም። ምርቃቱን መጨረስ አቃተኝ። ጉሮሮዬ ነው ብዬ ዘለልኩት።

ሲያልቅ ሰው ሲወጣ ጠበቁኝ። ሰላም አሉኝ፣ ጉልበታቸውን ልስም ስል ከለከሉኝ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ያ ሽማግሌ መጨረሻ ላይ አወቀ?»

አልነገሩትም አልኳቸው። ስጦታ ሰጥተው በባቡር ሸኙት።

«እንግዲያ ሁሉም እያወቀ፣ እሱ ብቻ ሳያውቅ ነው የመረቀው።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዲህ ያለ ምርቃት ማንን ይይዛል?»

ነገ እንገናኛለን ብለውኝ ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ያውቃሉ? አያውቁም? ፊታቸው ላይ ምንም አላነበብኩም።

ለ. ገመዱን እየጠቀለለ ጠራኝ። ሦስት ቀን አልተኛም። ዓይኑ ቀልቷል። ተናድጄ ነበር፣ አሁን አልፏል፣ አንቺ ያኔ ልጅ ነበርሽ አለኝ። አለቀስኩ። ደስታ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል? ከዚያ ግን ነገ ብርቄ የተሰማን ትቁጠር አለኝ። አባቱ አርጅተዋል፤ የክፍሌ ስም ከተጠራ ተነስተው ይወጣሉ፣ እሳቸው ከወጡ ደግሞ እሱም አባቱን ረግጦ አያገባም። እኛ ካወቅን ይበቃል፣ እሳቸው ሳያውቁ ይኑሩ አለ። ለመነኝ። እጄን ይዞ ለመነኝ።

መልሱን ለነገ ጠዋት አሳደርኩት።


እሑድ፣ ሕዳር 10፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ተኝቼ ተነሳሁ። የሚገርመው በደንብ ተኛሁ። ወስኛለሁ።

ለብርቄ ነገርኳት። ዛሬ ዘሬን የምቆጥረው እኔ ነኝ፣ ከክፍሌ ጀምሬ። የሽማግሌ ቤት ወሬ ቀበሌ አይደርስም፤ ቢደርስም ነገ ጠዋት ሊ/መንበሩ ዘንድ ቀድሜ ሄጄ በገዛ አፌ እነግረዋለሁ፤ ብርቄ ልጅ አድናለሁ ብላ ነው፣ ጥፋት ካለ በኔ ይሁን እላለሁ። ማይክራፎኑን ቢወስድብኝ ይውሰድ።

ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር። ነጠላዋን ስታጥፍ፣ ስትዘረጋ፣ ስታጥፍ ቆየች።

«ተሰማ ልጅ ሳይስም ነው የሞተው» አለችኝ። «ስሙን ስትጠሪው ደስ ይለኝ ነበር።»

ይሄንን አላሰብኩም ነበር። ስምንት ዓመት የተሸከምኩት የኔ ሸክም ብቻ ይመስለኝ ነበር። አቀፍኳት። ሰባት ቤቴን ቆጥሬ ስጨርስ፣ ያሳደገችኝ ብርቄ ናት፣ ባሏ ተሰማ ስሙን ሰጥቶ አድኖኛል እላለሁ አልኳት፤ ሽማግሌዎቹ ፊት፣ ጮክ ብዬ። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ሂጂ ፊትሽን ታጠቢ አለችኝ።


4 ሰዓት ሊሆን ነው

መጥተዋል። ድምፃቸው ይሰማኛል። ዛሬ ሳይለመኑ ተቀመጡ። ለ. አጥሩ አጠገብ ቆሟል፤ ባለፈው አልመጣም ነበር፣ ዛሬ አላስቻለውም። በመስኮቱ አየኝ፣ ራሱን ነቀነቀ፤ ተይ ማለቱ ነው። እወደዋለሁ። ላጣው እችላለሁ።

አንድ ጊዜ እዚህ ልበለው፣ ምላሴ እንዳይሰናከል። አልማዝ ክፍሌ። ክፍሌ ደምሴ። ደምሴ ወልደየስ። ወልደየስ ...

አባባ ቱሉ ተነስተው ቢወጡ መብታቸው ነው። ቢመርቁኝም መብታቸው ነው። አውቀው ይሁን እንጂ።

ብርቄ ጠራችኝ። ልግባ።