እሑድ የሌለው የቀን መቁጠሪያ

ይድረስ ለተከበሩ ሚያው ደሃይ፣
የቁጥር ሁለት መንግሥታዊ የማራገቢያ ፋብሪካ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ሻንጋይ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ደም ግፊትዎ ልክ ገብቶ፣ ወገብዎ ከወንበርዎ ጋር ተስማምቶ፣ እንቅልፍዎም ጣፍጦ እንደሚሰነብት ተስፋዬ ነው። እኔ ደህና ነኝ። እንቅልፍ ብቻ እምቢ ብሎኛል፤ በዚህ ግን እርስዎን አላማርርም፣ የገዛ ሥራዬ ነው።

በወርቅ ቀለም የታተመው የጥሪ ካርድዎ ደርሶኛል። በዚህ ወር በአሥራ ስምንት የፋብሪካው የታሪክ አዳራሽ ሲመረቅ ከፊተኛው ረድፍ እንድቀመጥ፣ ቀጥሎም «የመንግሥትና የግል ድርጅት እጅ ለእጅ» በሚል ርእስ አሥር ደቂቃ እንድናገር ጋብዘውኛል። በሉሺዋን መንደር፣ የአሳማ ጋጣ በነበረ ቤት ውስጥ፣ ከአሥራ አንድ ሴቶች ጋር ማራገቢያ መገጣጠም ለጀመርኩት ለእኔ ለቹ ዪንዲ ይህ ክብር ከቁመቴ በላይ ነው። ያለብኝ ምስጋና በአሥር ደቂቃ ስለማያልቅ ግን አስቀድሜ በጽሑፍ ላቅርበው ብዬ፣ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ በፋብሪካው የሠራተኞች መኖሪያ ግቢ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ መዳብ ሽቦው አመሰግናለሁ። በዚያን ዘመን መንግሥት ለእናንተ በርካሽ የኮታ ዋጋ ይሰፍርላችሁ የነበረውን ሽቦ፣ እኛ ከመጋዘናችሁ ጓሮ በእጥፍ እንድንገዛው ሰዎቻችሁ በደግነታቸው ይፈቅዱልን ነበር። ሴቶቹ ቁርጥራጩን ከወለል ላይ በጥፍራቸው ይለቅሙ ነበር። ዛሬ ሰው ቁጠባዬን ሲያደንቅ አስተማሪዎቼ እነማን እንደነበሩ አልናገርም።

ሁለተኛ፤ ስለ ማራገቢያችሁ ጩኸት አመሰግናለሁ። እንደ ወፍጮ ነበር የሚያጓራው፤ አማቷ ነገር ስትጀምር ማራገቢያውን የምትከፍት አንዲት ምራት አውቃለሁ። ቢሆንም ሕዝቡ ሌላ ስላልነበረው ተሰልፎ ይገዛው ነበር። የእኛ ደግሞ ከእናንተ ይብስ ነበር፤ እየተንቀጠቀጠ ጠረጴዛውን አቋርጦ እንደ ሰካራም ይወድቃል። እናንተ ዘንድ መድኃኒቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረ፤ መሐንዲስ ባኦ ጂንግቹ። የክንፎቹ አቀማመጥ ይለወጥ ብሎ አራት ዓመት ሙሉ ለቢሮው ጽፏል፤ ቢሮውም የዓመቱ ዕቅድ መቶ በመቶ ስለተሳካ የሚለወጥ ነገር የለም እያለ አራት ጊዜ በአክብሮት መልሶለታል። ይህ መልስ ባይሰጠው ኖሮ የእኔን ደጃፍ ባልረገጠም ነበርና ምስጋናዬ ከልብ ነው።

እርስዎ እንደሚያስታውሱት ያን ጊዜ ሥራ በሳምንት ስድስት ቀን ነበር። ባኦ ቅዳሜ ከሥራ ሲወጣ አውቶቡስ፣ ከዚያም ጀልባ ይዞ ይመጣና እሑድን ከእኛ ጋር ይውላል። የ1985 ዓመት ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ መጀመሪያ በመጣበት እሑድ፣ በቤቱ ውስጥ መንደፊያ ወረቀት አልነበረም። ከመንደራችን የኅብረት ሱቅ ያመጣሁት፣ በየወረቀቱ የሱቁ ስም የታተመበት፣ ገና ያልተሰቀለ የአዲሱ ዓመት ቀን መቁጠሪያ ነበረ፤ ያ በየቀኑ አንድ አንድ ወረቀት የሚገነጠልለት ዓይነት። አንሥቶ በቀይ የታተሙትን እሑዶች ብቻ እየለየ ሃምሳ ሁለቱንም ገነጠላቸው። «ሌላው ቀን የፋብሪካው ነው፣ አንዱንም አልነካበትም። እሑድ ግን የራሴ ነው» አለ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ንድፉን ሁሉ የሠራው በእነዚያ ወረቀቶች ጀርባ፣ ከገዛ ጭንቅላቱ አውጥቶ ነው። ከሩዝ ጋር የተሠራ ዓሣና ለመንገድ የምቋጥርለትን እንቁላል ካልሆነ በቀር የተቀበለኝ ነገር የለም። በበጋው ማራገቢያችን ድምፁ ከመጥፋቱ የተነሣ ሴቶቹ መሽከርከሩን የሚያውቁት ፊት ለፊቱ ክር አንጠልጥለው ሆነ።

ሦስተኛ፤ ስለ ጉብኝትዎ አመሰግናለሁ። የእኛ ዕቃ እየተሸጠ የእናንተው በመጋዘን ሲከመር፣ እርስዎ ያን ጊዜ ወጣት የምርመራ ቡድን መሪ ሆነው ጋጣችን ድረስ መጡ። ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደሩ፤ አንዱን ገልብጠው ቀዩን ቁጥርና የሱቁን ስም አነበቡ፤ መልሰው ደፉት። «ጀርባው አያስፈልገንም» አሉ። ከዚያ በትዕግሥት አስረዱኝ፦ ንድፉ ከፋብሪካው የወጣ ከሆነ ሌባው ባኦ ነው፣ እኔ የተታለልኩ ነኝ፤ አይደለም ካልኩ ግን ቤቱ ያኔውኑ ይታሸጋል። ሴቶቹ በሩ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር። ብዕር አቀበሉኝ። ከፋብሪካው ሰርቆ አመጣልኝ በሚለው ወረቀት ላይ ፈረምኩ።

እዚህ ላይ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት አልፈልግም። እርስዎ ብዕር አቀበሉኝ እንጂ እጄን ይዘው አላስፈረሙኝም። ለሴቶቹ እንጀራ ስል ነው እያልኩ ሃያ ዓመት ለሰው አውርቻለሁ፤ ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ብዕሩን ስይዝ ያሰብኩት ስለ ራሴ ብቻ ነበር። ባኦ ሁለት ዓመት ታሰረ፤ የሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎቱም ከመዝገብ ተሰረዘ። ፋብሪካችሁ ወረቀቶቹን «የተመለሰ ንብረት» ብሎ ወስዶ በዓመቱ ድምፅ የሌለው ማራገቢያ አወጣ፣ ሜዳልያም ተሸለመ። የእኔም ቤት አልታሸገም፤ ዛሬ አራት መቶ ሠራተኛ አለው። ገበያ ላይ ስንናቆር የምንውል እኔና እርስዎ ከአንድ ሰው እሑድ ላይ አብረን በላን። የመንግሥትና የግል ድርጅት እጅ ለእጅ የተያያዙት ያን ቀን ነው፤ ለንግግሬ ርእስ ስለመረጡልኝም አመሰግናለሁ።

አራተኛ፤ ስለ አዳራሹ። ባለፈው ሳምንት ቀድሜ ጎብኝቼዋለሁ። ወረቀቶቹ ንድፋቸው ወደ ላይ ሆኖ በመስታወት ሣጥን ተኝተዋል፤ ከሥራቸውም «በዲዛይን ክፍላችን የጋራ ጥረት፣ 1983» ተብሎ ተጽፏል። ጠጋ ስል አስጎብኚዋ ልጅ በትሕትና፣ «እትዬ፣ መስታወቱን አይንኩ፤ ይሄ የፋብሪካችን የራሱ ሥራ ነው» አለችኝ። እኔም «እሺ ልጄ» አልኩ። እንዲህ አድርጌ ሁለተኛ ፈረምኩ።

ከዚያ ወጥቼ ባኦ ዘንድ ሄድኩ፤ ከአዳራሹ ጀርባ፣ የድሮው የሠራተኞች መኖሪያ ውስጥ ነው። ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ የጎረቤት ማራገቢያ ይጠግናል። መኖሪያው ሊፈርስ ነው፤ አዲሱ ቤት የሚሰጠው ስሙ በፋብሪካው የጡረታ መዝገብ ላለ ብቻ ነው፤ መዝገቡም በሃያ ይዘጋል። እኔ ቤት ልግዛልዎ ብዬ ለመንኩት። «ካንቺ ቤት አልፈልግም፤ ስሜን ነው የምፈልገው» አለኝ። ሻይ ቀዳልኝና «ዪንዲ፣ ያ ማራገቢያ አሁንም አይጮህም?» ሲል ጠየቀኝ።

«አይጮህም፣ መምህር ባኦ።»

«እንግዲያ ልክ ነበርኩ ማለት ነው።»

ስለ ፊርማዬ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምለምነው አንዲት ቀላል ነገር ነው፦ መዝገቡ ሳይዘጋ ከወረቀቶቹ አንዱን ይገልብጡልኝ። በ1983 የተሠራ ንድፍ በ1985 ወረቀት ላይ፣ ያውም በእሑድ፣ ያውም በሉሺዋን የኅብረት ሱቅ ስም ሥር እንዴት እንደተገኘ እንግዶችዎ በዓይናቸው ይዩ። እኔ ዋሾ እንደነበርኩ ይታወቃል፤ እርስዎም እያወቁ እንደደፉት። ሁለት ሰው ያፍራል፣ አንድ ሰው ስሙንና ጣሪያውን ያገኛል። ስለ ዕቅድና ስለ ውጤት እንደ እርስዎ የሚያውቅ የለምና ስሌቱን ለእርስዎ እተዋለሁ።

ለፋብሪካዎ ሜዳልያ፣ ለወንበርዎ ጽናት፣ ለመስታወት ሣጥንዎም ንጽሕና ከልብ እየተመኘሁ፣ በፊተኛው ረድፍ ስለተያዘልኝ ቦታ ደግሜ እጅ እነሣለሁ።

የክብርዎ ባለውለታና የወንጀልዎ ተካፋይ፣
ቹ ዪንዲ፣ ሉሺዋን

ማስታወሻ፤ ወረቀቶቹ ከምረቃው በፊት ድንገት ቢጠፉ አይጨነቁ። እሑድ የሌለው መቁጠሪያ ምን ይሠራል ብዬ ያኔ ሳልሰቅለው ሣጥን የከተትኩት ዛሬም አለ፤ ሦስት መቶ አሥራ ሦስት ቀን፣ ባኦ እንዳለው አንዱም ያልተነካ። በአሥራ ስምንት ይዤው እመጣለሁ፤ የድሮውን ቃሌን የሚሽር ወረቀትም በእንግዶችዎ ፊት እፈርማለሁ። ብዕር ለማቀበል አይድከሙ፤ አሁን የራሴ አለኝ።